ለጭሰኛ ልጅ የሚሆን ልብስ

በልጅነቴ አምቦ ከተማ ውስጥ እንደኔ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በትምህርት ቤታችን የኪነት ቡድን ውስጥ ሥራዬ ማልቀስ ነበር። የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር የተራበች የጭሰኛ ልጅ ሆኜ መድረኩ መሀል ቁጭ እላለሁ፤ ባላባቱ አባቴን ይገርፋል፤ እኔ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ አብዮቱ ይፈነዳና እንባዬን ጠርጌ ከሌሎቹ ጋር እዘምራለሁ። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት ጓዶች ሳይቀሩ መሀረብ ያወጡ ነበር። ገበያ ስንወጣ ሴቶች «ጭሰኛዋ መጣች» እያሉ ጉንጬን ሲስሙኝ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ቀን የኪነት ቡድኑን የሚመራው የአማርኛ አስተማሪያችን ከአዲስ አበባ ወሬ ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። አንድ የቲያትር ቡድን ስለ ጭሰኞች ትልቅ ቲያትር እያዘጋጀ ነው፤ የጭሰኛውን ልጅ ሆና የምትጫወት ሕፃን ከየክፍለ ሀገሩ ይፈልጋል። ሁሉንም ልጅ አዲስ አበባ መጥራት ስለማይቻል አስቀድሞ ፎቶ ይላክ ተብሏል። ፎቶዋ የተወደደላት ትጠራለች፤ ያልተወደደላት እዚያው ባለችበት ታልቅስ።

እኔ ያን ጊዜ ከጊንጪ አልፌ አላውቅም። ጊንጪም የሄድኩት ለዘመድ ለቅሶ ነው። የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር በሐሳቤ አዲስ አበባ ደርሼ እመለስ ስለነበር፣ ይህ ነገር ካመለጠኝ የምሞት መሰለኝ።

«ሦስት ፎቶ ነው የሚፈልጉት» አለ አስተማሪው ለእናቴ። «አንዱ ፊቷ ብቻ፣ ሁለቱ ቆማ ሙሉ ቁመቷ። ልብሷ አሮጌ ይሁን፤ የተቀደደ ቢሆን ይመረጣል። ጫማ አታድርግ። ፀጉሯም አይሠራ፣ ቅባት አይንካው።»

«እሺ፣ ጓድ መምህር» አለች እናቴ በትልቅ ትሕትና።

እናቴ እንዲያ አንገቷን ሰበር አድርጋ እሺ ካለች ነገሩ እንደማይሆን እኔም አባቴም እናውቃለን። አስተማሪው ግን ለቤታችን አዲስ ሰው ስለነበር ደስ ብሎት ሄደ።

ስለ ልብሴ እውነቱን ልናገር። የተቀደደ ልብስ በቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ክርኔ የሚታይበት ሹራብ ነበረኝ፤ ጫፉ የተተረተረ ቀሚስም ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሆኜ ስዞር ማንም ነገሬ ብሎኝ አያውቅም። ፎቶ የሚባል ነገር ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። በእኛ ከተማ የራሱን ልብስ ለብሶ ፎቶ የሚነሣ ሰው የለም። ኮቱ የተውሶ ነው፤ ሰዓቱ የተውሶ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ሰውዬ እንኳ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል። ሩቅ ያለ ዘመድ ፎቶውን ሲያይ «ተመስገን፣ አልፎለታል» ማለት አለበት። ቡትቶ ለብሶ ፎቶ እነሣለሁ የሚል ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ይዘውት የሚሮጡት ወደ ፎቶ ቤት ሳይሆን ወደ ጠበል ነበር።

ወሬው ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤታችን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር መሪ ስለነበረች ሰፈርተኛው ሁሉ «ጓዲት» ይላታል፤ ስለ ልብሴ ቤታችን ውስጥ የተደረገውን ስብሰባ የመራችው እሷ ናት። ሴቶቹ ያመጡት ልብስ አልጋ ላይ ተዘረጋ። አንዷ ነጭ ካልሲ፣ አንዷ ለጥምቀት የተገዛ ዳንቴል ያለው ሮዝ ቀሚስ፣ አንዷ ሰፊ የፀጉር ሪባን ይዛ መጥታለች። ጓዲት ደግሞ የልጇን ቀይ ጫማ አመጣች።

«ጭሰኛ ነኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጭሰኛ ብትሆኚስ፣ እናት የለሽም?» አለችኝ ጓዲት።

ጫማው ሰፋኝ። ጋዜጣ ይጠቅጠቅበት ተባለና እናቴ አንድ ገጽ ቀድዳ ልታጨማድድ ስትል ጓዲት እጇን ያዘቻት። «ቆይ! ልጅቷ የማንን ፎቶ ነው የምትረግጠው?» ጋዜጣው ገጽ በገጽ ተመረመረ። የፊተኛው ገጽ ላይ መሪያችን አሉ። ገለጥ ሲደረግ መሪያችን እርሻ ይጎበኛሉ። ቀጥሎ የመሪያችን ንግግር ነው፤ ጓዲት ትንሽ አሰበችና ንግግርም አይረገጥም አለች። በመጨረሻ ስለ እግር ኳስ የተጻፈበት ገጽ ተገኘ፤ የተሸነፈው ቡድን የወታደር ቡድን አለመሆኑ ከተጣራ በኋላ ጫማዬ ውስጥ ገባ።

በቀጠሮው ቀን እናቴ፣ ጓዲት፣ አስተማሪውና እኔ ፎቶ ቤት ሄድን። አስተማሪው ሮዝ ቀሚሴን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እናቴ ግን «ሦስት ፎቶ አይደል? አሮጌውንም ይዤላችኋለሁ» ብላ ፌስታሏን ስታሳየው ተጽናና። የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ላይ የቤተ መንግሥት ደረጃ ተሥሏል፤ ከበላዩ በአምቦ የድሮ ስም «ትዝታ ከሀገረ ሕይወት» ይላል። ከደረጃው ግራና ቀኝ ሁለት አንበሶች አሉ። አብዮቱ ሲመጣ ፎቶ አንሺው ዘውዳቸውን በነጭ ቀለም ስለሸፈነው ሁለቱም ራሳቸውን ታመው ሻሽ የታሰረላቸው ይመስላሉ።

የመጀመሪያውን ፎቶ በሮዝ ቀሚስ፣ የስልክ እጀታ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ተነሣሁ። ሽቦው የትም አይሄድም። ለሁለተኛው ፊቴ ብቻ ስለነበር ሙያዬን ላሳይ ብዬ አለቀስኩ፤ ፎቶ አንሺው «እንባው ያብለጨልጫል፣ ይጠረግላት» አለና እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ኢንተልቲ ኬሳን ባሬዱ ደ» አላት፤ ልጅሽ ቆንጆ ናት ማለቱ ነው። እናቴ ኩራቷን መደበቅ አቃታት።

«አሁን አሮጌው ልብስ!» አለ አስተማሪው።

እናቴ ከፌስታሉ አሮጌ ቀሚሴን አወጣች። ታጥቧል። በከሰል ካውያ ተተኩሷል። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በሚመሳሰል ክር ተሰፍተዋል፤ የት የት እንደነበሩ እኔ ራሴ ፈልጌ አጣሁ። እግሬም ከቀይ ጫማው አልወጣም። አስተማሪው ቀሚሱን አገላብጦ አየና «ይቅርታ» ብሎ እጅጌውን በሁለት እጁ ሊተረትር ያዘ።

እናቴ እጁን ቀብ አደረገችው። «ተዉ እንጂ፣ ጓድ መምህር! እኔ የደንዲ ጭሰኛ ልጅ ነኝ። እኔ ቡትቶ የለበስኩት ለቲያትር አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ባላባታችን ከከተማ ፎቶ አንሺ አስመጡ። እኛ ልጆቹ ሮጠን ሄደን ከኋላቸው ቆምን፤ ደስ ብሎን። እመቤቲቱ 'እነዚህን ወዲያ አድርጉልኝ' አለች፤ ልብሳችን ፎቶውን እንዳያበላሸው። ወዲያ አደረጉን። አማርኛ ያኔ አልሰማም ነበር፤ መጀመሪያ የለመድኩት አማርኛ እሱ ነው።»

አስተማሪው እጅጌውን ለቀቀ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አብዮቱ የመጣው ልጆቻችሁ ጫማ እንዲያደርጉ ነው ስትሉን አልነበረም? ዛሬ ደግሞ ታውልቅ ትላላችሁ? ኩን ማል ጄቹ ደ? ምን ማለት ነው ይሄ?»

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ይህንኑ ስለ ጫማው የሚያስተምረን አስተማሪው ራሱ ነበር። ያግዘኛል ብሎ ወደ ጓዲት ቢዞር፣ ጓዲት እጆቿን አጣምራ እንደ ስብሰባ «ጥያቄው ትክክለኛ ነው» አለች። ፎቶ አንሺው ምስክር ላለመሆን የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እኔ ግን ቆሽቴ አርሮ ነበር። የሌላ አገር ልጅ ቡትቶዋን ለብሳ አዲስ አበባን ስትወስድብኝ ይታየኛል። ሦስተኛውን ፎቶ በተሰፋው ቀሚስና በቀይ ጫማ፣ በሁለቱ ሻሽ ያሰሩ አንበሶች መሀል ቆሜ፣ አኩርፌ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው እናቴ አንጀቱን በልታው ኖሮ ፎቶዎቹን በብሩሽ ቀለም ቀባቸው፤ ጉንጬን አቀላው፣ ጫማውን አቀላው፤ ይባስ ብሎ በሥጦታ መልክ አንገቴ ላይ የወርቅ ሐብል ሣለልኝ። አስተማሪው ፎቶዎቹን ፖስታ ውስጥ ሲከት የቀብር ፊት ነበር የሚያሳየው።

ብዙ ቆይቶ፣ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ፣ አስተማሪው እየሮጠ መጣ። «ተመርጣለች!»

እናቴ እልል አለች። ጓዲት ከግቢዋ ሆና እልልታውን ተቀበለቻት።

«የባላባቱ ልጅ ሆና» አለ አስተማሪው ዝግ ብሎ።

የቲያትሩ ሰዎች ሐብሌንና ኩርፊያዬን አይተው ሌላ ፍለጋ አቆሙ አሉ፤ እንዲህ ያለች የባላባት ልጅ ከአብዮቱ በኋላ ትገኛለች ብለው አላሰቡም። ለጭሰኛዋ ልጅ የሚሆን ፎቶ ግን ከአንድም ክፍለ ሀገር አልመጣላቸውም። የተላኩት ሕፃናት በሙሉ ነጭ ካልሲና ሪባን ያደረጉ ነበሩ። ሲቸግራቸው በመኪና ትምህርት ቤት የምትመላለስ የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ቡትቶ አልብሰው ጭሰኛ አደረጓት።

ይህን ስሰማ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። «ይኸው!» አለ አስተማሪው እጁን እያወናጨፈ። «ፎቶ መነሣት የነበረበት ይሄ ነው!»

ቢሆንም አዲስ አበባ አዲስ አበባ ነው፤ በነጋታው ተጽናናሁ። የባላባቱ ልጅ ብዙ ንግግር የላትም። የጭሰኛው ልጅ አጠገቧ መጥታ ስትቆም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይህችን ወዲያ አድርጉልኝ!» ትላለች፤ በቃ። እኔም እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቤቱን እየዞርኩ «ይህችን ወዲያ አድርጉልኝ! ይህችን ወዲያ አድርጉልኝ!» እያልኩ እጮህ ጀመር። እናቴ ለጉዞዬ ሮዙን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር። ካውያው ቆመ። እኔም የምለው ነገር ያን ጊዜ ገባኝና እጄን ከወገቤ አወረድኩ።

«እንደሱ አይደለም የሚባለው» አለች እናቴ።

«እ?»

«አትጩሂ። እነሱ አይጮሁም። ሲሉት ወደ አንቺ እንኳ አያዩም፤ ልብሳቸውን እያስተካከሉ፣ ሌላ ነገር እያሰቡ ነው የሚሉት። እስቲ ለኔ በይኝ።»

«አልልም።»

«በይ እንጂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አዲስ አበባ ልትሄጂ አይደል?»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው መስተዋት ዞርኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች፤ ሁለታችንም መስተዋቷ ውስጥ እንታያለን። ሪባኔን እያስተካከልኩ፣ ሌላ ነገር እንደሚያስብ ሰው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይህችን ወዲያ አድርጉልኝ» አልኩ።

«አዎ፣ እንዲያ ነው» አለች። ሳታውቀው ይመስለኛል፣ ካውያውን እንደያዘች ፈቀቅ አለች፤ መስተዋቷ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።