ክንፍ የበቀለበት ገጣባ

እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ የዋጋዬን ግጥም ያላነበበ ሰው አይገኝም። ከኋላ መስታወቱ በታች በቀይ ቀለም፣ ጅራቱ እንደ ሐረግ በሚጠማዘዝ ፊደል የተጻፉት ስንኞች ሁሉ የእሷ ናቸው። የሥጋ ቤቱን በሬ የሣለች እሷ፣ የፀጉር ቤቱን ባለ ሹሩባ ሴት የሣለች እሷ። ሰው ስሟን ትቶ «የከተማው እጅ» ይላታል። መንገድ ላይ «የከተማው እጅ፣ እንደምን አደርሽ?» ሲሏት አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ ትላለች፤ ያን ቀን ምሳ ባትበላም ግድ የላት።

በ2009 ዓ.ም. ግን ከባሕር ዳር አንዲት የሥዕል መምህርት መጣች። ናርዶስ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ለሰው ሁሉ «እሺ» የምትል፣ ጣቶቿ ላይ ቀለም የማይጠፋ ልጅ። ስልኳን አውጥታ የውጭ አገር ሰዎች አውራ ጣት የሚያህሉ የዘንዶና የተዋጊ ቅርጾችን በቀጭን ብሩሽ ሲቀቡ፣ ሲወዳደሩ አሳየች። የወጣቶች ማዕከሉም ሐሳቧን ወደደላት። «ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ዋዜማ እኛም እንወዳደር። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ በዓለም ላይ የሌለ ፈረስ ሠርታችሁ ቀብታችሁ አምጡ» ተባለ።

ዋጋዬ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አመማት። በራሷ ከተማ፣ በራሷ ፈረሶች፣ ሐሳቡ ከሌላ ሰው አፍ መውጣቱ አመማት።

ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ፈረስ ጠረበች። ከዘንገና ሐይቅ ማዕበል የወጣ ፈረስ ነው፤ ገላው የሐይቁ አረንጓዴ፣ ጋማው የሚፈስ ውሃ። የባጃጅ ቀለሟን በቤንዚን አቅጥና፣ ከፍየል ጠጉር ባሰረችው ብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ ቀባችው። ከሁሉ በላይ የለፋችው ጀርባው ላይ ባለበሰችው ግላስ ነው። የእውነተኛውን ፈረስ ጀርባ የሚሸፍነውን ያን ባለ ጥልፍ ጨርቅ በቀይና በቢጫ ነጠብጣብ ስታስጌጠው ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ደከመች።

ግላስ ማሳመር ታውቅበታለች። ባሏ ይኸነው ፈረሰኛ ነው፤ ዳማ ፈረስ አለው፤ ሲጋልብ ምድሩ ከበሮ የሚሆንለት ዳማ። ዘንድሮ በበዓሉ ከፊተኛው ረድፍ እንዲሰለፍ መርጠውታል። ዳማው ግን አንድ ምሥጢር አለው። በአንድ ወቅት ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ለሠርግ ሲሄድ ኮርቻው አልገጥም ብሎ ጫንቃውን ግራና ቀኝ ላጠው። ዋጋዬ እያጠበች፣ ቅቤ እየቀባች አዳነችው። ቁስሉ ሲሽር የበቀለው ጠጉር ነጭ ሆኖ ቀረ። ፈረሰኛ ደግሞ ፈረሱ ገጣባ መሆኑ ከታወቀ አንገቱን ይደፋል፤ «ኮርቻ መጫን የማያውቅ» ይባላልና። ስለዚህ ግላሱ ከዳማው ጀርባ አይለይም። ባልና ሚስቱም ስለ ገጣባው ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

አንድ ቀን ዋጋዬ ዳንግላ ሄዳ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ስትጽፍ ዋለች። ስትመለስ ጎረቤቷ እናትነሽ ከሰል እየሸጠች በር ላይ ጠበቀቻት።

«ዛሬ ቤትሽ ደምቆ ዋለ።»

«ማን መጥቶ?»

«መምህሯ ናታ! ደብተሯን ይዛ ፈረሱን ትዞረዋለች፣ ባልሽን ትዞረዋለች። የትኛውን እንደምትሥል እንጃላት።»

«አንች ደግሞ ነገር ማሞቅ ትወጃለሽ።»

«ከሰል ሻጭ አይደለሁ? ሥራዬ ማሞቅ ነው።»

ዋጋዬ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ገብታ ይኸነውን ጠየቀችው።

«መምህሯ ምን ፈልጋ ነው?»

«ፈረሱን ልሣለው ብላ ነው።»

«እና አሣልካት?»

«ምን ልበላት? እንግዳ አይደለች?»

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። በማግስቱ ግን ዋጋዬ ብሩሿን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ሳትቀባ መልሳ አስቀመጠችው። ቤት ውስጥ ለብቻዋ እንዲህ እያለች ታንጎራጉር ጀመር፦

ቅናት ቀለም ቢሆን በብሩሽ ሲነከር፣
የእንጅባራን ሰማይ እቀባው ነበር።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ፈረሰኞቹ ጋቢያቸውን ደርበው ከኋላ ቆመዋል፤ ይኸነውም ከመካከላቸው አለ። ጠረጴዛው ላይ እሳት የሚተፋ ፈረስ፣ ባለ ሁለት ራስ ፈረስ፣ የበግ ቀንድ ያበቀለ ፈረስ ተደርድሯል። ሰው መጀመሪያ የዋጋዬን ከበበ። «ውይ ግላሷ! ጥልፉ እኮ ይቆጠራል!» ሲሉ ልቧ ሞቀ። ቀስ በቀስ ግን ሰዉ ወደ ጠረጴዛው ዳር ፈሰሰ። ድምፁም ጠፋ። ዋጋዬ ተጋፍታ ገባች።

ናርዶስ የሠራችው ዳማ ፈረስ ነው። ኮርቻ የለው፣ ግላስ የለው፣ ልጓም የለው። ጫንቃው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ምልክቶች አሉ። ከእነሱ ላይ ሁለት ክንፎች በቅለዋል። ነጩ ከሥሩ ወፍራም ሆኖ ይነሣና እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ አየር ይሆናል።

ዋጋዬ ያንን ጀርባ ታውቀዋለች። በጨለማ ብትዳስሰው ታውቀዋለች። «ግላሱን አውልቆ አሳያት» አለች በልቧ፤ ባሏ ለሌላ ሴት የገዛ ጀርባውን ያሳየ ያህል ከነከናት። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ያንን ነጭ ስንት ጊዜ በመዳፏ ስትደባብሰው፣ ክንፍ ሊበቅልበት እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አልታያትም። እሷ የታያት መሸፈኛው ነው። ግጥሙ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው በውስጧ ተነሣ፦

ያ ዳማ ፈረሱ ደመና ላይ ወጣ፣
የኔ ሆድ ተቃጥሎ ጭሱ ካፌ መጣ።

የዳኞቹ ሰብሳቢ አያ አዝመራው፣ የድሮ ፈረሰኛ፣ ክንፋሙን ፈረስ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው እንደ ሕፃን በራ። «ይችን የሠራች እጅ ትባረክ» አሉ። «እጅ ማለት ይኼ ነው።»

«እጅ» የሚለው ቃል ዋጋዬን እንደ እሾህ ወጋት።

«አያ አዝመራው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ከሰዉ መሐል። «ክንፉ የበቀለበትን ልብ ብለው አይተውታል? እሱ እኮ ገጣባ ነው። በፈረሰኞች በዓል ገጣባ ፈረስ ይሸለማል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ናርዶስ ግራ ገባት።

«ገጣባ ምንድን ነው?» አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አያ አዝመራው ግን አልሳቁም፤ ፈረሱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«በምን አወቅሽ ልጄ? የተፈጥሮ ነጭም ይሆናል እኮ። ፈረስ ቦራ ሆኖ ይወለድ የለ?»

«የምን ተፈጥሮ! የእኛው ዳማ አይደለም እንዴ? በዚህ እጄ ቅቤ እየቀባሁ ያዳንኩት...»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ፈረሰኞቹ ሁሉ ዞረው ይኸነውን አዩት።

«ይኸነው!» አለ አንዱ። «ግላስህ እንዲያ የሚያምረው ለካ ለዚህ ኖሯል!»

«ከፊት እንዳትሰለፍ ብቻ፤ ነፋሱ ይገልጥብሃል!» አለ ሌላው።

ይኸነው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ዳኞቹ ተመካከሩ። ገጣባ ነገር በዓሉ ላይ አይቀርብም ያሉት በለጡና የዋጋዬ የሐይቅ ፈረስ አንደኛ ወጣ፤ የናርዶስ ሁለተኛ። ተጨበጨበ። አያ አዝመራው ሽልማቱን ሲሰጧት እጇን ጨበጡ፤ «የከተማው እጅ» ግን አላሏትም። ዓይናቸው ተመልሶ ወደ ክንፉ ሄደ።

ናርዶስ ወደ እሷ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ ዋጋዬ። እኔ እኮ ቁስል መሆኑን አላወቅኩም። የዚያን ዕለት ቤታችሁ ስመጣ ጋሼ ይኸነው ፈረሱን እያጠቡት ደረስኩ። ነጩን አይቼ 'ሲወለድ ጀምሮ ነው?' ብላቸው ቶሎ ብለው ግላሱን ጣሉበት። እኔ ግን አንድ ጊዜ አይቼው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።»

ዋጋዬ ሽልማቷን አቅፋ በሰዉ መሐል እየተጋፋች ወጣች።

ቤት ስትደርስ ይኸነው ጓሮ ውስጥ ዳማውን እያበጠረ ነበር። ግላሱ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ሽልማቷን ደረጃው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች።

«ከፊተኛው ረድፍ አወጡህ?»

«ሳያወጡኝ ወጣሁ።»

«ግላሱን አውልቀህ ያሳየሃት መስሎኝ ነው፣ ይኸነው። ስታጥበው ደርሳ እንዳየችው አሁን ነገረችኝ።»

«ብትጠይቂኝ እኔም እነግርሽ ነበር።»

«ጥፋቴ ነው።»

ፈረሱ ትንፋሹን አስረዝሞ ለቀቀ። ይኸነው ማበጠሩን ቀጠለ። ዋጋዬ ነጩን ጠጉር በጣቷ ነካችው፤ አቅጣጫውን ተከትላ ወደ ላይ፣ ወደ አየሩ፣ ምንም ወደሌለበት እጇን ዘረጋች።

«ጫፉን እንዴት እንዲያ አድርጋ አሳሳችው?» አለች በመጨረሻ። «ነጩን ምን ብትቀላቅልበት ነው?»

ይኸነው ማበጠሪያውን ይዞ ቀና አለ።

«አሁንም አልበረደልሽም?»

«አልበረደልኝም።»

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። የቀናሽው በእኔ ነው፣ በክንፉ?»

ዋጋዬ አሰበች። ልትዋሸው ፈለገች፤ አሳዘናትም።

«በክንፉ» አለችው።

«ወይ እዳዬ!» አለ ይኸነው፤ ግንባሩን ፈረሱ አንገት ላይ ደገፍ አድርጎ። «በእኔ እንኳ ብትቀኝ ምን ነበረበት!»