አሚን ያጣው ዱዓ

ባለፈው ሳምንት ሐያት የምትባል ወጣት መሐንዲስ በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጣች። ማዘጋጃ ቤት ልኳት ነው። ከከሚሴ ወጣ ብሎ ያለው የቆሻሻ መቅበሪያ ሊሞላ ስለሆነ አዲስ ቦታ እየተፈለገ ነው፤ እኔ ደግሞ አሮጌውን ቦታ ከመረጡት ሰዎች አንዱ ነኝና «እስቲ ሽማግሌውን ጠይቂ» ብለዋት ይሆናል። ስልኳን አውጥታ ካርታ አሳየችኝና በጨፋ ረግረግ መሐል፣ ዙሪያዋን ውሃ በከበባት ጉብታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ፣ እቺን እዩዋት። ቤት የላትም፣ ጎረቤት የላትም። እስከ ዛሬ ለምን ዝም ተባለች?»

ሳቄ መጣ። ልጅቷ ቅር እንዳይላት በሳል አስመስዬ አለፍኩት። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጠይቄው ነበር።

ያኔ የከሚሴ ቆሻሻ የሚጣለው ከገበያው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ነበር። የበሰበሰ ሙዝ፣ የፍየል አንጀት፣ ፌስታል፣ የማይታሰብ ነገር ሁሉ እዚያ ይከመራል። ነፋሱ ወደ ከተማው ሲዞር ወደ ደሴ የሚያልፉት አውቶቡሶች መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ተሳፋሪዎቹ በመስታወት ውስጥ አፍንጫቸውን ይዘው ሲያዩን፣ የተወለድኩባት ከተማ ናትና እንደ ግል ስድብ ይሰማኝ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ በቀያሽነት ስቀጠር ከሥራዬ ሁሉ አስቀድሜ የጓጓሁት ያንን ክምር ለማንሳት ነው።

አለቃዬ ኢንጂነር ደምሴ ይባላል። ከጎንደር የመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁ የማይወጣ፣ ግን ምግብ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነበር። እሱና እኔ ዞረን ዞረን ያገኘነው ይችኑ ጉብታ ነው። የአካባቢው ሰው ቱሉ ይላታል፤ በኦሮምኛ ኮረብታ ማለት ነው። ኮረብታ መባሏ ትንሽ ውዳሴ አለበት እንጂ ከፍ ያለች ሜዳ ናት። ክረምት ገብቶ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ረግረጉ ያብጥና ደሴት ትሆናለች፤ የዙሪያው ከብትም እሷ ላይ ወጥቶ ይከርማል። ይህን አላጣነውም። ግን የሚፈናቀል ሰው የለም፣ ሽታው ከተማ አይደርስም፣ የአፈር መንገድ እንደለድላለን፣ ዙሪያዋን እንገድባለን አልን። የቸገረው ሰው ለራሱ የማይነግረው ማባበያ የለም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሄድን። መለኪያውን በአህያ ጭነን፣ ሱሪያችንን ጠቅልለን፣ ጥንቅሽ እየመጠጥን ፊላ በሚባለው የረግረግ ሣር መሐል ተሻገርን። ውሃው ለብ ያለ ነው። ጭቃው የኢንጂነሩን አንድ ጫማ ዋጠውና ብንፈልግ ብንፈልግ አጣነው። በአንድ እግሩ ተጫምቶ፣ በራሱ እየሳቀ ቱሉ ላይ ወጣ።

እዚያ እመት ዘሃራ ነበሩ። የእሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ከብት ይዘው በየክረምቱ በፊላ ጎጆ የሚሰነብቱ፣ ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ናቸው።

«ኮታ፣ ኑ ልጆቼ! ታዓ፣ ቁጭ በሉ! ኧረ በአላህ፣ ይሄ ልጅ ጫማውን ማን በላበት?» አሉ።

ማን ናችሁ፣ ምን ፈለጋችሁ የለም። እርጎ በቅል፣ ትኩስ የማሽላ ቂጣ በቅቤ ቀረበ። ከቱሉ ወገብ ከምትፈልቀው ምንጭ የተቀዳ ውሃም ሰጡን። በድርቅ ጊዜ የአፋር እረኞች ሳይቀሩ ግመሎቻቸውን እየነዱ የሚመጡላት ምንጭ ናት። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ አስደግሞ ጠጣ።

በእኛ አገር የበሉበትን ቤት በዚያው አፍ ማስከፋት ነውር ነው። ስለዚህ ያን ቀን የመጣንበትን ሳንናገር፣ ለክተን ብቻ ተመለስን። በሌላ ቀን ልንነግራቸው ሄድን፤ ያን ቀን ደግሞ የማሾ ወጥ ነበር፤ አሁንም ተመርቀን ተመለስን። ቢሮ ውስጥ «ነገራችኋቸው?» ሲሉን እኔና ደምሴ እንደ ሌባ ተያየን።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ እርጎው ሳይቀርብ ልናገር ብሎ ቆረጠና አብረን ሄድን። ቅሉ ግን ቀደመው። አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ የመጣንበት ጉዳይ…»

«አውቃለሁ ልጄ። ወሬ እንደናንተ ጫማ አያወልቅም፤ ከተሻገረ ቆየ። ቅድሚያ ዱዓ እናድርግ» አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን።

«አላህ ዕድሜ ይስጣችሁ።»

«አሚን» አልኩ። ኢንጂነሩ በእሱ ወግ «አሜን» አለ።

«የልጅ ልጅ ያሳያችሁ።»

«አሚን።» «አሜን።»

«ከተማችሁን ከክፉ ሽታ ይገላግልላችሁ።»

ይህንንማ ከልባችን ጮኽን።

«ቆሻሻውንም እዚሁ ቅበሩ። ልጆቻችሁ ከዚህች ምንጭ እየጠጡ ይደጉ።»

አፌ በልማድ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ ግን አልወጣም። የአዛውንት ዱዓ ያለ አሚን ሲቀር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ እጄን አላጥፈው ነገር፣ አልዘረጋው ነገር ግራ ገባኝ። እመት ዘሃራ ቁጣም ምፀትም በሌለበት ፊት እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁን። ላሞቹ ያመሰኳሉ።

«እማማ፣ ትንሽ ሴት ልጅ አለችኝ። ይቺን አሜን ማለት አልችልም» አለ ደምሴ።

እሳቸውም እጃቸውን ፊታቸው ላይ አበሱ። «አብሽር፣ አይክፋህ። በል እርጎህን ጨርስ። ቆሻሻችሁንም ታቅፋችሁ አትቀሩም፤ አሚን የምትሉበትን ቦታ ፈልጉ።»

በማግስቱ ኃላፊያችን ጠረጴዛ መቱ። «አሚን ስላልተባለ ነው ቦታ የሚለቀቀው?» ደምሴ በዚያ በማይወጣ ድምፁ «እርስዎ ሄደው አሚን ይበሉላቸዋ» አላቸው። ኃላፊው አልሄዱም። የቱሉ ነገር በዚሁ ቀረ።

አሚን የሚባልበት ቦታ ፍለጋ ግን ያን ጥቅምት በሙሉ አንከራተተን። የጠየቅነው ሁሉ የጎረቤቱን መሬት ያሞግሳል። ይህን ብሶት ማታ ለአባቴ ሳጫውተው ቆይቶ «የእኛን ተዳፋትስ አይታችኋታል?» አለኝ። ድንጋያማ ናት፣ ከሥሯ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ነው፤ ከበታቿ ደግሞ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ አለ። ተናደድኩ። ከከሚሴ ምድር ሁሉ የእኛ?

«እኛም እኮ የምንጥለው አለን። ወዴት ይሂድ ልጄ?» አለ።

ደምሴ አፈሩን ቆፍሮ አየ፣ ውሃ አፍስሶ አየ፣ ፍሳሹን የሚመልሰው ቦይና የሸክላው ንጣፍ የት የት እንደሚውል አሰላ። ሲጨርስ አባቴ የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ከእኔ የሰማውን የእመት ዘሃራን ዱዓ፣ ምንጭ ባሉበት ጉድጓድ ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይቀንስ ደገመው። ደምሴ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ።

መቅበሪያው እዚያው ተሠራ፤ ያ ቃልም ዕድሜ ልኬን ሥራ ሰጥቶኛል። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ከጉድጓዱ ቀድቼ እጠጣለሁ፤ ልጆቼም እየጠጡት አደጉ። አንድ ዓመት ጣዕሙ ቢለወጥብኝ ቦዩ እስኪጠገን ድረስ ከኃላፊው በር አልተነሳሁም። ደምሴ አገሩ ከተዛወረ በኋላ አንድ ጊዜ ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጠጥታ «ድገሙኝ» ስትለን አባቷ ፊቱን አዞረ። ሰውየውን እንዴት እንደምወደው ያን ቀን አወቅኩ።

እመት ዘሃራ ካለፉ ቆዩ። ቱሉ ላይ ዛሬ የሚከርሙት የልጅ ልጆቻቸው ከብቶች ናቸው። ይህን ሁሉ ለሐያት ካጫወትኳት በኋላ «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። እየሳቀች ዘረጋች። ዕድሜ ስመርቃት አሚን አለች፤ ጥሩ ትዳር ስመርቃት ትንሽ አፍራ አሚን አለች። ሦስተኛውን፣ የምንጩን ስጀምር እጇን ሰብስባ ስልኳን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ያሳዩኝ።»

ያ ሸክላ አፈር ያለው አሁንም በእኛ ተዳፋት ነው፤ ከአሮጌው መቅበሪያ በላይ፣ ልጆቼ ቤት ሊሠሩበት በተመኙት በኩል። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ምን እንደከበደው ያን ቀን አልጠየቅኩትም፤ አሁን መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ልጆቼ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ። ያንን ዱዓ ስደግምላቸው አሚን ይሉ እንደሆነ አላውቅም። ውሃውን ግን ቀድቼ አስቀምጫለሁ።