ከጉብታው ወዲያ የሚታጠፍ ኳስ

በጎልፍ አሰልጣኝነት ተቀጥሬ ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የቡና እርሻ የሄድኩት በኅዳር፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን የንብረት ክፍል ኃላፊው ዱላዎቹን እያስረከበኝ፣ «ኳሱን በእጅ ወስዶ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» አለኝ። በዚያ እርሻ በሠራሁባቸው ዓመታት ስለ ጎልፍ በቅንነት የተጠየቅሁት ይህንን ብቻ ነው።

ሜዳው ትንሽ ነበር። ሣሩን በጎች ይግጡታል። በየጉድጓዱ ዙሪያ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የታሸ አሸዋ ተነጥፏል። ይህ አያሳፍርም፤ ጎልፍ በአሸዋም ይጫወቱታል። የሚያሳፍረው የተጫዋቾቹ ነገር ነበር።

የሚመጡት የእርሻው አለቆች፣ የጅማ ነጋዴዎችና እሁድ እሁድ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ብቅ የሚሉ መምህራን ነበሩ። ሁሉም ስልካቸው ላይ ቪዲዮ ሲያዩ ሰንብተው ይመጣሉ። አንዱ ወገቡን ያርማል፣ ሌላው ክርኑን፣ ሌላው ትንፋሹን። መትተው ሲያበቁ ኳሱ የት እንደሄደ አይጠይቁም። «አሰልጣኝ፣ ትከሻዬን እንዴት አየኸው?» ይሉኛል። እኔ ወጌሻ አይደለሁም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ መኮንን ከሁሉም ይሻሉ ነበር። ስቀጠር ቀጥ አድርገው ይመቱ ነበር። ዓይናቸው ግን ሩቅ አያይም፤ መነጽር ያስረጃል ብለው አያደርጉም። በዚያ ላይ ከመጀመሪያው መምቻ ቦታ ፊት ለፊት ጉብታ አለ። ኳሱ ከጉብታው ወዲያ የት እንዳረፈ የሚያውቁት የዱላ ቦርሳ ተሸካሚዎቹ ሲነግሯቸው ነው።

የቦርሳ ተሸካሚዎቹ አለቃ ነጂብ ይባላል፤ ጨዋ፣ የልጆች አባት ነው። ጉብታው አናት ላይ ይቆምና አለቃ በመታ ቁጥር፣ ኳሱ የትም ይውደቅ፣ «ቀጥ ብሏል!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ከኪሱ ሌላ ኳስ አውጥቶ ሣሩ መሃል ያስቀምጣል። የአቶ መኮንን ኳሶች ቀይ ነጥብ ስላላቸው እሱም ቀይ ነጥብ ያለባቸውን ይዞ ይዞራል። ተሸካሚዎቹ ይህን እንደ ማታለል አልቆጠሩትም። ሽማግሌ ቤት ሲገባ ወንበር እንደ መልቀቅ ነበር የሚያዩት።

ነጂብን ተው ብለው፣ «ኦቦ ደምሴ፣ ትልቅ ሰው እንዴት በሰው ፊት ይዋረዳል?» አለኝ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው። ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ምን እንደሚሠራ አልገባኝም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የአቶ መኮንን ወዳጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ የዱላ አያያዛቸውን ለወጠባቸው። እሳቸውም ዱላውን እንደ ጃንጥላ ይይዙ ጀመር። ግራ እጃቸው ከሚገባው በላይ ወደ ግራ ዞረ፣ የዱላው ፊት ተከፈተ፣ ክንዳቸው ከውጭ ወደ ውስጥ ይጠርግ ጀመር። ኳሱ ቀጥ ብሎ ይነሳና ከጉብታው በላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በሙያው ቋንቋ ስላይስ ይባላል። በስተቀኝ ደግሞ ሴቶች ቆመው ከተሰጣው ቡና ብልሹውን የሚለቅሙባቸው የማድረቂያ አልጋዎች አሉ።

«ኳስዎ እየታጠፈ ነው» አልኳቸው።

«ነጂብ ቀጥ ብሏል እያለ?»

«ነጂብ ለእርስዎ ሁሌም ቀጥ ብሏል ነው የሚለው።»

«አሰልጣኝ፣ ሥራ እንዳትፈታ ብለህ ጥፋት አትፈልግብኝ» ብለው ቀጣዩን መቱ።

በዚያው ሳምንት ከለቃሚዎቹ አንዷ ዘይነባ ትከሻዋን ተመታች። ኳሱ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢመጣ ጭንቅላቷን ያገኘው ነበር። ክንዷን ማንሳት አቅቷት ሰነበተች። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ ስንዝሩን እንደማይተውላት አውቅ ነበር።

ቢሮው ተሰበሰበ። ጥፋቱ የእንግዶች ነው ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁማ ቀጥ አድርገው ነው የሚመቱት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ከዚያ ለለቃሚዎቹ ሁሉ የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው ቢጫ ቆብ ታደለ። ቡና የምትለቅም ሴት የፕላስቲክ ቆብ ደፍታ ፀሐይ ላይ ስትውል ያየ ሰው ስብሰባ የሚባል ነገር ያስጠላዋል።

እሁድ ጠዋት ወደ ጉብታው ወጣሁና ነጂብን ኪሱ ውስጥ ያሉትን ኳሶች ተቀበልኩት።

«ዛሬ ኳሱ የወደቀበት ይቆያል» አልኩት።

«ያባርሩናል።»

«የሚያባርሩት እኔን ነው።»

አቶ መኮንን መቱ። ነጂብ አፉ ስለለመደ «ቀጥ ብሏል!» አለ። ጉብታውን ተሻግረው ሲመጡ ሣሩ ላይ ኳስ የለም። «የታለ?» ሲሉ ነጂብ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ወደ ቀኝ ታጥፌ መራሁ፤ እየተነጫነጩ ተከተሉኝ።

ዘይነባ ቢጫ ቆቧን እንዳደረገች ኳሱን ከቡናው መሃል ስታነሳ ደረስን።

«አካም ጅርቱ ኦቦ መኮንን» አለች። «ዛሬስ ራስዎ መጡ።»

«ይሄ የእኔ ኳስ ነው?»

«ኤዬ። ሌሎቹም እዚሁ አሉ።» ከአልጋው ሥር ባልዲ ሳበች። ባልዲው ቀይ ነጥብ ባለባቸው ኳሶች ተሞልቷል። አቶ መኮንን ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ አዩ።

«አንቺን የመታሽስ?»

«እሱም ውስጡ አለ። ሐኪም ቤት ምን መታሽ ሲሉኝ ላሳያቸው ይዤው ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለነጂብ ነገርኩት። ኦቦ መኮንን ቀጥ አድርገው ነው የሚመቱት አለኝ። ወላሂ፣ ጠማማ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

አቶ መኮንን የያዙትን ኳስ ባልዲው ውስጥ መልሰው ወደ እኔ ዞሩ። ስንብቴን ስጠብቅ፣ «ነገ ጠዋት ዱላ ይዘህ ና» አሉኝ።

ከአልጋዎቹ ርቀን አጥሩ ሥር ባለው ባዶ መሬት ላይ ጀመርን። ግራ እጃቸውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ጎንበስ ሲሉ የጣቶቻቸው አንጓ እንዲታያቸው። ከዚያ ጆንያ በቡና ገለባ ሞልቼ ከኳሱ ባሻገር አስቀመጥኩ። ዱላው እንደ ለመደው ከውጭ ከመጣ የሚያገኘው ጆንያውን ነው። ገለባው ልብሳቸው ላይ ሲበተን «ቀጥ ብሏል» የሚላቸው አልነበረም። ተቆጡ፣ ዱላ ወረወሩ፣ አዲስ አበባ ያለውን ወዳጃቸውን ረገሙ። ጆንያው ሳይነካ መዋል እስኪጀምር አልለቀቅኋቸውም። አንድ ቀን መነጽር አድርገው መጡ፤ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ወደ መጀመሪያው መምቻ ሲመለሱ ኳሱ ጉብታውን በቀጥታ ተሻገረ። ነጂብ «ቀጥ ብሏል!» አለ። ይህን ጊዜ እውነቱን ነበር። አቶ መኮንን ግን ኪሱን አስገለበጡት፤ ባዶ ነው። ያም አልበቃቸውም፣ አልጋዎቹ ድረስ ሄዱ።

«ዘይነባ፣ ዛሬ መጣ?»

«አልመጣም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንግዲያው ቆብሽን አውልቂ።»

«ማሎ ኦቦ፣ ይቆይልኝ። የእርስዎን እጅ አምኛለሁ። ያንን ጉብታው ላይ ቆሞ የሚጮኸውን ግን አላምነውም።»

በማግስቱ አቶ መኮንን ነጂብን ከጉብታው አውርደው አልጋዎቹ አጠገብ አቆሙት። ዘይነባ ቆቧን አውልቃ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ኳስ መታጠፍ ሲጀምር እንደ ነጂብ ቶሎ የሚናገር ሰው አልተገኘም።

ለወጣት አሰልጣኞች የምለው ይህን ነው። ኳሱ የወደቀበት ይቆይ፣ የመታውም ሰው ሄዶ ይየው። እጅ የሚታረመው ከዚያ በኋላ ነው።