ቀጥ ያላለው ቦይ

ቆፋሪዎቹ ጋሽ ምሽግ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት በክፋት አይደለም። የውሃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፍር ጥቂት እንደሄደ ወደ ጎን ይሰብረዋል፤ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይሰብራል።

«ቧንቧው ጠጥቶ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል።

ዛሬ ግን ፎርማኑ አልሳቀም። በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠረና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ሸፋፍኜልሃለሁ። አሁንም ከጠመመ ኢንጂነሩ ያሰናብትሃል። ሲባጎዋን ብቻ ተከተል።»

«እሺ ልጄ። ዛሬስ ቀጥ ነው።»

በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚቀጥረው የለም። ሚስቱም ታውቃለች፤ ጠዋት ስትሸኘው «እባክህ እጅህን ተቆጣው» ብላዋለች።

ሲባጎዋን እያየ ቆፈረ። አፈሩ እርጥብ ነበር፤ ጥልቀቱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ያ የታፈነ የመሬት ሽታ መጣ፣ የመንገዱም ድምፅ ራቀ። ቀና ሲል ሲባጎዋ ወደ ፊት ሄዳለች፤ ቦዩ ወደ ግራ ታጥፏል።

ፎርማኑ ከላይ ሆኖ ራሱን ያዘ። «ኧረ ጋሼ! ምን ነካህ?»

«ምሽግ ቀጥ ተደርጎ አይቆፈርም፣ ልጄ። ሰው ምሽግ ያዘ ሲባል ተደበቀ ማለት ብቻ ይመስለዋል። ቀጥ ካለ ግን ጫፉ ላይ የወደቀ ከባድ መሣሪያ ውስጡን በሙሉ ይጠርገዋል። መታጠፊያ ካለው ፍንዳታው እዚያ ይቀራል፤ ከወዲያ ያለው ይተርፋል።» አፈሩን በመዳፉ ዳበሰው። «አንዴ ግንባር ላይ ከጓዶቼ ጋር ቸኩለን ቀጥ አድርገን ቆፈርን። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስመለስ የሚጠጣው አላገኘሁም።»

ወጣቱ ወደ ቦዩ አመለከተ። «እዚህ የሚተኛው እኮ ቧንቧ ነው።»

«እኔማ አውቃለሁ። እጄን ማን ያስረዳልኝ?»

የኢንጂነሩ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆመ። ፎርማኑ ሊለምንለት ሮጠ፤ በመስኮቱ በኩል ብዙ ተናገረ፣ እጁን አወራጨ። ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ጋሼ...»

«ገብቶኛል። መታጠፊያውን ግን እኔው ልድፈነው። ለሌላ ሰው ሥራ አልተውም።»

ወጥቶ አካፋውን አፈር ሞላና መታጠፊያው ላይ ዘረጋው። ቆፋሪዎቹ ቀልዳቸውን ትተው ጠበቁ። አፈሩ በጠርዙ በኩል ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል፤ እሱ ግን አካፋውን መገልበጥ አቃተው። ወደ ባዶው ጉድጓድ አጎንብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውጡ ተብላችኋል» አለ።

ፎርማኑ አካፋውን ከእጁ ተቀበለው። ለመድፈን ግን እሱም ወዲያው አልቻለም።