አክስቴ በውሸት የማለችው መሐላ

አክስቴ ቡታጅራ ውስጥ እኔ ነርስ በሆንኩበት ክሊኒክ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ቆሻሻ ልታነሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «ያገለገለው መርፌ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል?» ሳትል ከረጢት አትነካም ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ዘመድ መባል ያሳፍረኝ ነበርና አንድ ቀን ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት «አዎ» አልኳት።

መርፌውን ግን ሳጥኑ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ከረጢቱን ስትቋጥር መርፌው ጓንቷን አልፎ ወጋት። ኃላፊያችን ማን እንደጣለው ሲጠይቃት «ወላሂ፣ አላውቅም» አለች። በውሸት ስትምል የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ደሟ ተደጋግሞ ተመርምሮ ከበሽታ ነጻ መሆኗ ታወቀ። ዘንድሮ በሌላ ሕመም ስትሞት ግን ይቅርታ አልጠየቅኋትም ነበር። አሁን በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ የለም።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ኃላፊያችን «ውሸት የማያውቁ ሴት ነበሩ» አለኝ። እንደዚያን ቀን ሁሉ ቀና ሳልል «አዎ» አልኩት።