እሸት የከለከለች ሴት

ደሴ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ እጭናለሁ። ድሮ ካሴት እገለብጥ ነበር፣ ቀጥሎ ሲዲ መጣ፣ አሁን ፍላሽ ነው። ስሜ ምንይሉ ይባላል። ይህን የምጽፈው ሰው ስለ ቡዜ የሚያወራውን ሰምቼ ስላንገበገበኝ ነው። «ያቺ እሸት የከለከለች» ይሏታል። እውነት ነው፣ ከልክላለች። እኔም ከተከለከሉት አንዱ ነኝ። ነገሩ ከማን እንደ ጀመረ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የጀመረው ከእኔ ነውና።

ቡዜ ኮምቦልቻ አንድ የፈትል ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እዚያ ጓደኛን ለመጥራት ከማሽኑ በላይ መጮህ ግድ ነው። እንዲህ የተገራ ድምፅ ስላላት ለዘፈን ሰርግ ቤት ስትጠራ ማይክ ሲሰጧት ትስቃለች። ከበሮም የላትም፤ ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ ትመታለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፋብሪካውና ጀሪካኑ ናቸው ልጆቿን ያሳደጉት።

አምና ነሐሴ ላይ የአንድ ድርጅት ሰው ሱቄ መጥቶ ለዓለም የምግብ ቀን የሚዘፍን ሰው ፈልግልኝ አለኝ። ቡዜን ጠራኋት። ሰውየው ግጥሙን ራሱ ጽፎ አሳትሞ ነበር። ቡዜ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበችው። ተርበናል፣ ድረሱልን፣ የወሎ እናት አንጀቷ ታጠፈ፣ እንዲህ እንዲህ የሚል ነው።

«ማነው የተራበው?» አለችው።

«ለምሳሌ ያህል ነው፣ እትዬ። ዓላማው የዓለምን ረሀብ መዋጋት ነው።»

«ዓለም ከራበው ዘር እንልክለታለን። እንባ አይዘራም።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። «እኔ በሰባ ሰባት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያኔ ፈረንጅ ዘፈነልን፣ አላህ ይስጣቸው። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ወሎ በተባለ ቁጥር የዚያን ጊዜ ፎቷችንን ነው የሚያወጡት። ስለምንበላው ነገር ዝፈኚ ካልከኝ እዘፍንልሃለሁ። ስለ መራብ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ሰውየው ሌላ ሰው ሊፈልግ ሄደ። እኔ ሆዴ ቅቤ ጠጣ፤ ከስንት ጊዜ ወዲህ «እምቢ» ሲባል ሰማሁ። እሷ ግን አልሄደችም። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሱቄን ጠረጴዛ በመዳፏ እየመታች፣ ራሷ ያወጣችውን ዘፈን ዘፈነችልኝ።

ዘፈኑ ስለ አንድ የማሽላ ዘር ነው፤ ወተት በጉንጬ ይባላል። ገና እሸት ሳለ አገዳው ጫፍ ላይ ያለውን ራስ ጠብሰው ሲፈለፍሉት ፍሬው አፍ ውስጥ ይፈሳል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ቢስቲማ አጠገብ የሚያርሰው ወንድሟ ሀፊዝ ግማሽ ጥማድ የማትሞላ መሬት ላይ ይዘራዋል። በዚያ ቀበሌ ሌላ የቀረ ዘሪ የለም። ጎረቤቶቹ ቶሎ የሚደርሰውን የመደብር ዘር ይዘው ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ዝናቡ አጥሯል፤ የመደብሩ ዘር ግን በየዓመቱ ካልተገዛ የለም። ሀፊዝም ሰልችቶት «ከዘንድሮ ወዲያ አልዘራውም፣ ማን ይፈልገዋል?» ብሏታል። ቡዜ የፈለገችው ሰው እንዲፈልገው ነው፤ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

ቀዳሁት። ዘፈኑ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ውዳሴ ነው፦

ጥርሴ ሳይነካሽ ምላሴ ላይ ሟሟሽ፣
ወተት በጉንጬ፣ ማር ነች ወይ እማማሽ?

ሁለተኛው ስለ ዘር አያያዝ ነው፦

ቀምሰህ ስታበቃ እጅህን ሰብስብ፣
ለከርሞም ሆድ አለ፣ ለከርሞም አለ ራብ።

ይህን ሁለተኛውን ቆረጥኩት። ብልህ ነኝ ባይ ነኛ! «እትዬ ቡዜ፣ የባጃጅ ሰው ምክር አይሰማም፤ ጣፋጩ ይበቃል» አልኳት። ደስ አላላትም፤ ግን ሥራው ያንተ ነው ብላ ተወችልኝ። ኪቦርድ ጨመርኩበትና ለባጃጆቹም ለሚኒባሶቹም ጫንኩላቸው። በመስከረም ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ «ማር ነች ወይ እማማሽ» የማይል መኪና አልነበረም። ቡዜን ፋብሪካ በር ላይ ልጃገረዶች እያስቆሙ ያዘፍኗት ነበር። እኔም ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ እሸቱ ደረሰ፤ ሰውም ደረሰ። ከደሴ በሚኒባስ፣ ከኮምቦልቻ በሞተር፣ ቅዳሜና እሁድ የሀፊዝ ማሳ ዳር ሰው በሰው ሆነ። እሸት ደግሞ አይከለከልም። መንገደኛ እንኳ ማሳ ዳር ቆሞ ቢቀምስ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ፣ ጠብሶ፣ «ብሉ እንጂ» ብሎ ይለምናል። ሀፊዝ ደግሞ ዓይነ አፋር ነው። በዘፈን ተጠርቶ የመጣን እንግዳ እንዴት ብሎ ይመልስ? እየቆረጠ አበላ። እኔም በሁለተኛው ቅዳሜ ሄጄ ሁለት ራስ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ቡዜ ወሬውን የሰማችው አንዲት የሥራ ባልደረባዋ «በላነውኮ!» ብላ ስታመሰግናት ነው። በማግስቱ ቢስቲማ ወረደች። ማሳው ውስጥ ገብታ አገዳውን እያቀፈች ቆጠረች። አገዳ ሞልቷል፤ ራስ የለውም። የቀረው ዐሥራ አንድ ራስ ነበር።

በስልክ ደውላ አልጮኸችብኝም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምንይሉ፣ ዘፈንህ ዘሬን በላው» አለችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዓመት ፈቃዷን ወስዳ እዚያው ቀረች። ማሳው መሐል ወፍ የሚጠበቅበት ማማ አለ። ያችን ጀሪካን ይዛ እሱ ላይ ወጣች፤ ወፉንም ሰውንም ባንድ ላይ ልትጠብቅ ነው። ሰው ሲመጣ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ውሃ ታስመጣለች፣ የመደብሩን ማሽላ ቆሎ ታስቆላለች። ወተት በጉንጬን ሲጠይቋት ግን «የለም» ሳይሆን «አለ፣ አልሰጥም» ትላለች። እዚህ ላይ ነው አገሩ ያበደው። የለም ብትል ማን ይቀየማል? ውሸት ግን አልሆነላትም።

ለይቅርታ በሄድኩበት ቅዳሜ ሀጂ ከሊድ መጡ። ሀጂ ከሊድ የአካባቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደም ያስታርቃሉ፣ ዱዓቸው አይመለስም ይባላል። አብሯቸው ያ ግጥም ጽፎ የመጣው የድርጅት ሰውና ካሜራ የያዙ ሁለት እንግዶች ነበሩ። ዘፈኑ ሲገን ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ነበር፤ እሸቱን ሲበሉ መቀረጽ ፈልገዋል።

«ቡዜ፣ እንግዶች ይዤልሽ መጥቻለሁ» አሉ ሀጂ ከማማው ሥር ቆመው። «ሁለት ሦስት ራስ አስቆርጪላቸው።»

«ሀጂ፣ አፉ ይበሉኝ፤ አይሆንም።»

ሀጂ በትክክል ያልሰሙ መሰላቸው። ሀፊዝ ቢላዋውን ይዞ ሊንቀሳቀስ ሲል ከላይ «ሀፊዝ! አትንካ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሃያ ሁለት ዓመት ማሽን በቀር አያወጣውም።

«እኔን ነው እሸት የምትከለክይው?» አሉ ሀጂ።

«አዎ፣ እርስዎን። ወላሂ ዓይኔን ቢሉኝ እሰጣለሁ። ይኸ ግን እሸት አይደለም፣ ዘር ነው።»

ከዚያ ጀሪካኗን መታችና እኔ የቆረጥኩትን ስንኝ ዘፈነችው፤ ቀምሰህ ስታበቃ እጅህን ሰብስብ። ማሳው ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። የካሜራው ሰው ካሜራውን አወረደ። ሀጂ ከሊድ ምርኩዛቸውን አንስተው ተመለሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ብቻ በስልኬ እየቀረጽኩ ቀረሁ።

ሀፊዝ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። «አዋረድሽኝ» አላት። «ከእንግዲህ በምን ዓይኔ መስጊድ ልግባ?»

«ከይሪያ መቼ ነው የሞተችው?» አለችው ከማማው ሳትወርድ። ከይሪያ ታናሽ እህታቸው ነበረች። «በድርቁ ነው? ንገረኝ እንጂ! ዝናብ ዘንቦ፣ መሬቱ ርሶ፣ የምንዘራው አጥተን አይደለም? ዘሩን በልተነው አይደለም?»

ሀፊዝ ቢላዋውን አገዳው ሥር አስቀምጦ ሄዶ ከአጥሩ እሾህ አመጣና የቀሩትን ራሶች ዙሪያ ማጠር ጀመረ።

እኔም ደሴ ተመልሼ ያንን በስልክ የተቀረጸ፣ ነፋስና ጀሪካን የበዛበት ዘፈን ለባጃጆቹ ጫንኩ። «የድሮውን አጥፉልኝ» ብዬ አንድ በአንድ ለመንኳቸው። አንዳንዱ ሳቀብኝ። ብዙዎቹ ግን ጫኑት፤ ሴትዮዋ ሀጂን የመለሰችበት ዘፈን ነው ሲባል ማን ይተወዋል! ከዚያ ወዲያ ወደ ሀፊዝ ማሳ የሚሄድ ሰው ቀነሰ፣ በኋላም ጠፋ። ሰፈሩ ግን ቡዜን አኮረፈ። ሰርግ የሚጠራት አልነበረም። ፈቃዷ አልቆ እዚያው በመቆየቷ ከፋብሪካው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ሀጂ ከሊድም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ በከንፈራቸው ይመልሱላት ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ራስ ታጨደ፤ ሁለቱን ወፍ ቀድሞ ነበር። ሀፊዝ ነቀዝ እንዳይነካቸው ምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቀላቸው። ክረምትና በጋ የሚያውቅ ሰው ዘጠኝ ራስ ብዙ እፍኝ ዘር እንደሚወጣው ያውቃል።

ሚያዝያ ሲገባ ያኮረፉት ጎረቤቶች አንድ አንድ እያሉ መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ቡዜ ማማው ላይ ሳለች እንግዳ ይዛ መጥታ ባዶ እጇን የተመለሰች አንዲት ጎረቤት ናት። ቡዜ ቂም አልያዘችም፣ ግን ዝም ብላም አልሰጠችም። ሁለተኛውን ስንኝ በቃሉ ያልያዘ ሰው ዘር አያገኝም አለች። ሽማግሌ ሳይቀር ሀፊዝ ደጃፍ ቆሞ ሲዘፍን ዋለ። ዐሥራ አራት ሰው አንድ አንድ እፍኝ ወሰደ፤ ሀፊዝም የራሱን ዘራ።

የመጨረሻውን እፍኝ በፌስታል ቋጥራ «ና አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። ሀጂ ከሊድ ደጅ ደረስን። ወጥተው ሰላምታዋን እንደ ልማዳቸው በከንፈራቸው መለሱ። ፌስታሉን ስትዘረጋላቸው አልተቀበሏትም።

«ያን ቀን በሰው ፊት ስትመልሽኝ አላፈርሽም?» አሏት።

«አፍሬ ነበር፣ ወላሂ።» ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ግን በሀፍረት የሞተ ሰው አላየሁም፣ ሀጂ። ዘሩን በልቶ የሞተ ግን እኔም አይቻለሁ፣ እርስዎም ቀብረዋል።»

ሀጂ ከሊድ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ዘረጉ።