እትዬ ብርቅዬና ድምፅ የሌላቸው እንግዶች

የገነተ ማርያሟ እትዬ ብርቅዬ ለሰው በመነሳት አትታማም። ደጃፏን የረገጠ ሁሉ፣ ቄስ ይሁን ሕፃን፣ «ኖር!» ብላ ብድግ ነው። ጉልበቷ ቢንቋቋም ደንታ የላትም።

ዓይኗን ግፊት ይዞት ብርሃኗ ሲደክም ግን ጉድ መጣ። ባለ ቀለም ልብስ የለበሱ ሰዎች በሩ ላይ ይቆሙባት ጀመር። «ኖር!» ትላለች፤ ማንም የለም። አንድ ቀን ልጇ ሰብሌ፣ እናቷ ለባዶ በር ስትነሳ አይታ ክው አለች። ብርቅዬም «አበደች ሊሉኝ ነው» ብላ ከዚያ ወዲያ ለማንም ላትነሳ ቆረጠች።

ወይ ጣጣ! የነፍስ አባቷ አባ ምሥጋናው የመጡ ዕለት፣ እንደነዚያው መስለዋት ቁጭ እንዳለች ቀረች። እሳቸውም ጥቂት ቆመው፣ ቅር ብሏቸው ተመለሱ። በዚያው ቀሩ። ብርቅዬ እሳቸው እንደነበሩ ከጎረቤት ስትሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አልቅሳም የምታየውን ሁሉ ለሰብሌ ዘረገፈችላት።

ሰብሌ ላሊበላ ወስዳ ለዓይን ነርሱ ለደሳለ አሳየቻት።

«እማማ፣ ይህ እብደት አይደለም» አላት። «ዓይን ያመጣውን የሚያየው የጭንቅላት ኋላ ነው። እዚያ ያሉት ሴሎች ባንዴ እንዳይንጫጩ ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር ‹ዝም በሉ› እያለ ይይዛቸዋል። ዓይን ወሬ ማቀበሉን ሲተው ቁጥጥሩ ይላላና ሴሎቹ ከራሳቸው ሥዕል ያወጣሉ። ሐኪሞች እንዲህ ይገምታሉ፤ ገና እየተጠና ነው። ለመሆኑ ያናግሩዎታል?»

«ኧረ ትንፍሽ አይሉም!»

«አዩ፣ ሥዕል ናቸዋ።»

ብርቅዬ ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያስ ‹በእግዜር› አይሉማ!»

የቀረ ብርሃኗን የሚጠብቅ ጠብታ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ትነሳለች፤ መልስ ከሌለ ስቃ ትቀመጣለች። አባ ምሥጋናው ግን አልመጡም፤ ይህ ከነከናት።

አንድ እሑድ በሩ ላይ ነጭ ነገር ታያት። «ኖር!» ብላ ተነሳች። ዝም። ልትቀመጥ ብላ ተወችው፤ እሳቸው ከሆኑስ?

«አባቴ፣ እርስዎ ከሆኑ ይቅር ይበሉኝ። ካልሆኑም መነሳቴ አይቆጨኝም» አለች።

«በእግዜር፣ ልጄ!» አለ የምታውቀው ድምፅ። መስቀሉ ግንባሯን ነካ። «ሰብሌ ሁሉን ነግራኝ፣ በከንቱ በመቀየሜ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። በይ አሁን ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል!